ከግድቡ በላይ ያሉት

የኩታበር አባቶችና እናቶች፣ የግብርና ባለሙያዎች፣ መምህራንና ተማሪዎች፤

ዛሬ የምናገረው በተራራ መካከል በአፈር ስለሚሠራ የመስኖ ግድብና ከጀርባው ስለሚጠራቀመው ውሃ ነው። ሐሳቤን ከመነሻው ላስቀምጥ። የአፈር ግድብ ዕድሜ የሚወሰነው ከበላዩ ባለው ተዳፋት ነው። በዚያ ተዳፋት ላይ የሚያርሰውና ከብት የሚያሰማራው ሰው ግን ከግድቡ ውሃ አንዲት ጠብታ አይደርሰውም፤ ቦዩ የሚሄደው ወደ ታች ነውና። ባገራችን ብዙ የአፈር ግድቦች ያለ ዕድሜያቸው የቀሩት፣ ይህን አድልዎ ሳንፈታ ግድቡን ለማቆም ስለምንቸኩል ነው ብዬ አምናለሁ።

ኩታበር ለዚህ ነገር ባዳ አይደለችም። ከደሴ በስተሰሜን ምዕራብ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ቦሩ ሜዳን አልፈን የምንደርስባት ይህች አገር የምትገኘው ውሃ በሚለያይበት ከፍታ አጠገብ ነው። ከደሴ አካባቢ የሚነሳው ቦርከና ወደ አዋሽ ይወርድና መጨረሻው የአፋር በረሃ ይሆናል፤ ከእናንተ ወደ ምዕራብ የሚወርደው ደግሞ ወደ በሽሎ፣ ከበሽሎም ወደ አባይ ይሄዳል። እንዲህ ባለ ከፍታ የሚኖር ሰው ውሃን የሚያየው ሲያልፍ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ሰው የማያሻግረው ጅረት በጥርና በየካቲት ድንጋዩ ብቻ ይቀራል፤ እናቶችና ልጃገረዶች ጀሪካን አዝለው ወደ ምንጭ የሚሄዱበት መንገድም ይረዝማል።

የበልግም ነገር አለ። የወሎ ደጋ ገብሱን በበልግ ዝናብ ያበቅላል። በልግ የቀረ እንደሆነ ቀጣዩ እህል የሚደርሰው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ስለሆነ በመሐል ያለው ጊዜ ይከብዳል። የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሃብ እኔ አልነግራችሁም፤ ታሪኩ በየቤታችሁ አለ። ተመራማሪው ደሳለኝ ራህማቶ በጎረቤታችሁ በአምባሰል ላይ ያደረጉትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1991 በመጽሐፍ ሲያሳትሙ ያሳዩት አንድ ትልቅ ቁም ነገር አለ፤ የወሎ ገበሬ ረሃብ ሲመጣ እጁን አጣጥፎ አልጠበቀም። ከምግቡ እየቆጠበ፣ ከብቱን እየሸጠ፣ ከዘመድ እየተበደረ፣ ሥራ ፍለጋ እየተሰደደ እስከ መጨረሻው ታግሏል። እንዲህ የታገለ ሕዝብ የክረምቱን ውሃ አስቀርቼ ለበጋው ላድርሰው ቢል ትክክል ነው። ድንች፣ ሽንኩርት፣ ጎመን፣ ካሮት አብቅሎ ደሴ ገበያ ማድረስ ለሚችል ሰው የበጋ ውሃ ማለት የልጆች ደብተርና የዓመት ልብስ ነው። ስለዚህ ግድብ አይሠራ ልል አልመጣሁም፤ የመጣሁት የሚሠራው እንዲኖር ነው።

የአፈር ግድብን ከሩቅ ያየው ሰው የተከመረ አፈር ይመስለዋል። ጠጋ ብለን እንየው። መሐሉ ሸክላነት ባለው አፈር የተሠራ እምብርት ነው፤ ውሃውን የሚያቆመው እሱ ነው። ያ አፈር ከመመረጡ በፊት በእጅ ይፈተናል፤ ረጠብ አድርገው በመዳፍ መካከል ሲያሹት ሳይቆራረጥ ቀጥኖ የሚጠቀለል ከሆነ ይበጃል፣ እየተፈረፈረ ከወደቀ አይሆንም። ከዚያ ስንዝር በማይሞላ ውፍረት ይነጠፋል፤ ከደረቀ አይጣበቅም፣ ከጨቀየ አይጠቀጠቅም፣ በልኩ ይርሳል፤ ሮለር ተመላልሶበት እስኪጠጥር ሌላው ንጣፍ አይመጣም። ከእምብርቱ በታች ጠንካራ መሬት እስኪገኝ ድረስ ተቆፍሮ በዚያው ሸክላ ይሞላል፣ ውሃው በግድቡ ሥር ሾልኮ እንዳያመልጥ። በግራና በቀኝ ሻካራ አፈርና ድንጋይ ይደግፈዋል። በእምብርቱና በድጋፉ መካከል የአሸዋ ማጣሪያ አለ፤ ሥራው ሰርጎ የሚያልፈውን ውሃ አሳልፎ አፈሩን ማስቀረት ነው። ከጎኑ ደግሞ ትርፉን ውሃ የሚያሳልፈው ማስተንፈሻ አለ። ውሃ በአፈር ግድብ አናት ላይ ከፈሰሰ በሰዓታት ውስጥ ቆርጦት ስለሚሄድ፣ ማስተንፈሻው የግድቡ ነፍስ ነው።

ከግድብ ግርጌ የሚያነባ ውሃ ሁሉ አያስደነግጥም። የጠራ ከሆነ ግድቡ እያጣራ ነው ማለት ነው፤ መጠኑን እየለኩ መከታተል ነው። ከደፈረሰ ግን አፈሩን ይዞ እየወጣ ነው፣ ግድቡ ከውስጥ እየተበላ ነው ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ለነገ የሚባል ነገር የለም። በአሜሪካ አይዳሆ ግዛት ቴቶን የተባለው የአፈር ግድብ እ.ኤ.አ. በጁን 1976 ገና ለመጀመሪያ ጊዜ እየሞላ ሳለ ጠዋት ድፍርስ ውሃ ያፈስስ ጀመር፤ እኩለ ቀን ሳይደርስ ተደረመሰ፣ 11 ሰዎችም ሞቱ። ጣጣው የመጣው ውሃው በሥሩ ባለው ስንጥቅ አለት ገብቶ እምብርቱን ስለቦረቦረው ነው። የወሎ ተራራ ባዛልትም ስንጥቅ የበዛበት ነውና መሐንዲሶቻችን መሬቱን ሳይበሱ፣ ውሃ እየጨመቁ ሳይፈትሹ ግድብ ማሳረፍ የለባቸውም። እናንተም ግድቡ ሥር ሆናችሁ ጃርት ጉድጓድ እንዳይቆፍርበት፣ ባሕር ዛፍ ሥሩን እንዳይሰድበት መጠበቅ ይኖርባችኋል። በአፈር ግድብ ላይ የሚያምረው ሣር ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ሙያ ነው፣ ሙያ ደግሞ ይገኛል። ገንዘብና ጥንቃቄ ካለ ግድቡ ይቆማል። ከላይ የሚመጣውን ደለል ግን ሮለርም ሸክላም አይመክተውም።

ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በደርግ ዘመን በቦርከና ላይ የተጀመረው ግድብ ወግ ያለው አገልግሎት ሳይሰጥ በደለል ተሞልቶ ተተወ። በኢትዮጵያ የአፈር መሸርሸር ላይ የሚጽፉ ባለሙያዎች ይህን ግድብ ደጋግመው ያነሱታል፤ የዘመኑ ድካምና ሀብት በአፈር ተቀብሮ ቀርቷልና። እዚያው የቦርከና ተፋሰስ ውስጥ፣ ከደሴ በስተደቡብ ማይባር የሚባል ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. በ1981 ከስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ የተከፈተው እዚያ ነው። በዚህና በመሰል ጣቢያዎች ልኬት ላይ ተመርኩዞ ሐንስ ሁርኒ የተባለው ተመራማሪ ያወጣው ግምት፣ በኢትዮጵያ ደጋ ከሚታረስ መሬት በአማካይ በሄክታር 42 ቶን አፈር በየዓመቱ ይታጠባል የሚል ነው። ልብ በሉ፤ ቦርከና የሞላበት አፈርና ማይባር ላይ የተለካው አፈር የአንድ አገር አፈር ነው። መለኪያውም በሽታውም በደጃችን ነበር።

አንድ ሂሳብ አብረን እናስላ። ከተሸረሸረው አፈር ሁሉም ግድብ አይደርስም፤ እርከን ሥርና ሜዳ ላይ የሚቀር አለ። በትግራይ በ11 ማጠራቀሚያዎች ላይ በተደረገ ልኬት ወደ ውሃው የገባው ደለል ከተፋሰሱ ሄክታር በአማካይ 9 ቶን ገደማ በዓመት ነበር፤ የባሰባቸው 18 ቶን ደርሰዋል። እንግዲህ የግድባችን ተፋሰስ 1,000 ሄክታር ነው እንበል። 9 ቶን ከገባ በዓመት 9,000 ቶን ነው፤ የተጠራቀመው ደለል በሜትር ኩብ 1.2 ቶን ቢመዝን 7,500 ሜትር ኩብ ቦታ ይይዛል። ማጠራቀሚያው 300,000 ሜትር ኩብ የሚይዝ ቢሆን በ40 ዓመት ጢም ይላል። 18 ቶን ከገባ 20 ዓመት ነው። ያውም መሞላት ሳያስፈልገው ይሞታል፤ ደለሉ የመውጫውን ቱቦ አፍ የደፈነ ቀን ከላይ የቀረው ውሃ ለማንም አይጠቅምም። እስከዚያም ድረስ ደለሉ በጨመረ ቁጥር የሚጠጣው ማሳ እየቀነሰ፣ የውሃ ተራ ላይ ያለው ጠብ እየከረረ ይሄዳል። ዛሬ መሠረቱ ሲጣል እልል የሚል ልጅ ጎልማሳ ሆኖ የሚያየው ረግረግ ነው ማለት ነው።

በ1980ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ ትግራይ ላይም አማራ ክልል ላይም አነስተኛ የአፈር ግድቦችን በብዛት የሚሠሩ ኮሚሽኖች ተቋቁመው ነበር። የትግራዩ ዕቅድ በአሥር ዓመት 500 ግድብ ነበር። የተሠራው ከዚያ እጅግ ያነሰ ሆነ፤ ከተሠሩትም ብዙዎቹ ወይ የታሰበው ውሃ አልገባላቸውም፣ ወይ በሥራቸው ሰርጎ አለቀባቸው፣ ወይ በደለል ተሞሉ። ያ ትውልድ ለድርቅ መልስ ሲፈልግ የሠራው ሥራ ስለሆነ ድካሙን አከብራለሁ። ከዚያ ተምረናል ወይ ሲባል ግን፣ አሁንም የግድብ ጥናት ስናይ ስለ ግድቡ ቁመት ብዙ ገጽ፣ ከላይ ስላለው ሰው ጥቂት መስመር ነው የምናገኘው።

እስኪ ያንን ሰው እንየው። ከማጠራቀሚያው በላይ ባለው ተረተር ላይ ገብስና ባቄላ ይዘራል። መሬቱ ቀጥ ያለ ነው፤ ከዓመት ዓመት ድንጋዩ እየበዛ አፈሩ እየሳሳ ነው። በጎችና ሁለት በሬ አሉት። ግድቡ ሲመጣ የሚባለው፣ ይህን ተረተር ከልል፣ በጎችህን አስረህ ቀልብ፣ እርከን ሥራ፣ ቦረቦሩን በክትር ድፈን ነው። በጥርና በየካቲት የተፋሰስ ልማት ዘመቻ ቀናቱን ይሰጣል። ውሃው ሲሞላ ግን የሚያየው ከሩቅ ነው። ከሥር ያለው ጎረቤቱ በዓመት ሁለቴ ሲያመርት እሱ ጀሪካኑን ይዞ ወደዚያው ምንጩ ይሄዳል። ይህ ሰው አንድ ቀን በጎቹን ወደ ክልሉ ቢለቅ ክፉ ሰው ሆኖ ነው ትላላችሁ?

በተረቱ አያ ጅቦ ከላይ ሆኖ፣ ከታች ውሃ የምትጠጣውን አህያ አደፈረስሽብኝ ይላታል፤ እሷም ሳታመካኝ ብላኝ ትለዋለች። በግድብ ነገር ደግሞ የሚወነጀለው የላይኛው ነው። ውሃው በእርግጥ የሚደፈርሰው ከላይ በመሆኑ ክሱ እውነት ይመስላል። የላይኛው ደሃ ግን አያ ጅቦ አይደለም። በረሃብ ዓመት በሬውን የሸጠው፣ ከሁሉ በቀጠነ መሬት ላይ የቀረው እሱ ነው።

ከዚህ ቀደም የሆነውንም አንርሳ። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ በዓለም ምግብ ፕሮግራም እህልና ዘይት እየተከፈለ በወሎ ተራሮች ላይ ብዙ እርከን ተሠርቷል፣ ብዙ ተራራ ተከልሏል፣ ብዙ ችግኝ ተተክሏል። የደርግ ሥርዓት በ1983 ሲወድቅ በብዙ ቦታ ዛፉ ተቆረጠ፣ እርከኑ ፈረሰ፣ ክልሉ ለከብት ተለቀቀ። አንዳንዱ ሰው ይህን የሕዝቡ አለማወቅ ነው ይለዋል። እኔ አልቀበለውም። ሕዝቡ ያፈረሰው የኔ ያላለውን ነው። የተከለለው ተራራ ሣሩ የማን እንደሆነ፣ ዛፉ ሲደርስ ማን እንደሚቆርጠው የነገረው አልነበረም።

ይህን ችግር ገጥመው የፈቱ ሰዎች አሉ፤ የሩቅ አገር ሰዎች ናቸው፣ ኑሯቸው ግን ከእናንተ አይርቅም። በሰሜን ሕንድ ቻንዲጋር የምትባል ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1958 በአፈር ግድብ ሱክና የተባለ ሐይቅ ተሠራላት። ሃያ ዓመት ሳይሞላው የሐይቁ ከግማሽ በላይ በደለል ተያዘ። ፒ. አር. ሚሽራ የተባለ የአፈር ጥበቃ ባለሙያና ባልደረቦቹ ደለሉ ከየት እንደሚመጣ ሲከተሉ ሱኮማጅሪ የምትባል ትንሽ የደሃ መንደር ደረሱ። መንደሪቱ በሺቫሊክ ኮረብቶች ሥር ናት፤ ሰዉ ዝናብ ጠብቆ ያርሳል፣ ፍየልና ከብቱን ኮረብታው ላይ ይለቃል። ባለሙያዎቹ መጀመሪያ ክትር ሠሩ፣ ዛፍ ተከሉ። ከብቱ ግን ይገባል፤ ዘበኛ ቢቆምም ዋጋ አልነበረውም።

ነገሩ የተለወጠው ለመንደሪቱ ራሷ ትንንሽ የአፈር ግድቦች ሲሠሩላት ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1976 ተሠራ። የስንዴ ማሳቸው በደረቁ ወራት ውሃ ሲያገኝ ምርቱ ጨመረ፤ ያኔ ሰዎቹ ኮረብታውን መጠበቅ ለራሳቸው ግድብ መሆኑ ገባቸው። ግን እዚህም ላይ የእኛው ችግር ብቅ አለ። ውሃው የሚደርሰው ከግድቡ በታች መሬት ላላቸው ብቻ ነበርና መሬት የሌላቸውና ውሃ የማይደርሳቸው ከብታቸውን መልቀቅ ቀጠሉ። መፍትሔው ከመንደሩ ውይይት ወጣ። እያንዳንዱ ቤተሰብ፣ መሬት ኖረውም አልኖረው፣ በግድቡ ውሃ ላይ እኩል ድርሻ ይኑረው ተባለ። መሬት የሌለው ድርሻውን ለሌላ ይሸጣል፣ ወይም ከባለ መሬት ጋር እኩል ያርሳል። በልዋጩ ሁሉም ከብቱን ከኮረብታው ያነሳል፤ ሣሩን እያጨደ ቤት ይቀልባል። ከዚያ በኋላ አጥርም ዘበኛም አላስፈለገም። ኮረብታው ለበሰ፣ ወተቱ ጨመረ፣ ወደ ሱክና የሚወርደው ደለልም በእጅጉ ቀነሰ። ሱኮማጅሪ ከዚያ በኋላ ችግር አላየችም አልልም፤ ከዓመታት በኋላ የመንደሩ ማኅበር ተዳክሟል፣ ከግድቦቹም በደለል የተያዙ አሉ። ውል በየትውልዱ መታደስ እንዳለበት ከዚያም መማር ይቻላል።

ይህ ለኩታበር እንግዳ ነገር አይደለም። እናንተ ቅሬ አላችሁ። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብሮ የሚቀብርበት፣ ያጠፋ የሚቀጣበት፣ ከቅሬ መውጣት ከሞት የሚከብድበት ማኅበር ነው። ወረዳው የሚያወጣውን መመሪያ ሰው ሊያልፈው ይችላል፤ ቅሬው ተስማምቶ ያሰረውን ግን ማንም ደፍሮ አይፈታውም። የውሃ አባት መርጦ ውሃን በተራ ማከፋፈልም በአማራ ገበሬ ዘንድ የቆየ ሥርዓት ነው። ሕግም አለ፤ የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 ተጠቃሚዎች ተደራጅተው መስኖአቸውን ራሳቸው እንዲያስተዳድሩ ያስችላል። ጉድለቱ ስሙ ላይ ነው ያለው፤ ተጠቃሚ የሚባለው ቦዩ የሚደርሰው ነው። ከላይ ሆኖ ግድቡን የሚያቆየው ሰው በማኅበሩ ወንበር የለውም። እኔ የምለው የላይኛው ሰው የውሃ ድርሻ ይኑረው፣ ለታችኛው ማከራየት ይቻለው፣ ከመስኖ ክፍያው የተወሰነው በየዓመቱ ለላይኛው ቅሬ ይግባ፣ የተከለለው ተረተር ሣርና እንጨት ባለቤትነት በጽሑፍ ይሰጠው ነው። ከታች ያለው ይህን ሲሰማ ከኪሴ ሊወስዱ ነው ይል ይሆናል። ባይከፍል በ20 ወይም በ40 ዓመት የሚያጣው ሙሉውን ውሃ መሆኑን ከላይ ባሰላነው ሂሳብ አይተናል።

ከማጠራቀሚያው ዳር የሚኖረውንም ልጨምር። መሬቱ በውሃ የሚዋጠው እሱ ነው፤ ትንኙም የሚነድፈው እሱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በብሪትሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ ጥናት፣ በትግራይ ትንንሽ ግድቦች አጠገብ በሚኖሩ ሕፃናት ላይ ወባ ራቅ ብለው ከሚኖሩት ሰባት እጥፍ ሆኖ መገኘቱን አሳይቷል። ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ያሉ መንደሮችም በጥናቱ ነበሩበት። ደጋ ነን፣ ወባ አይነካንም ማለት አያዋጣም። ጤና ጣቢያው ከግድቡ ጋር አብሮ መታሰብ አለበት፣ አጎበሩም ውሃው ከመሙላቱ በፊት መታደል አለበት።

አንድ ነገር ከኩታበር ሰፋ አድርጌ ላንሳ። ለዘመናት ከዚህ ተራራ በበሽሎ የወረደው አፈር ሱዳን ይደርስ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1966 ሥራ የጀመረው የሮዛሪስ ግድብ ብዙ ቦታ የተያዘበት ከእኛ በሄደ ደለል ነው። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል። ካሁን በኋላ የእናንተ ተረተር አፈር የሚያርፈው ሕዝባችን ከመቀነቱ ፈትቶ በሠራው ግድብ ውስጥ ነው። እንግዲህ የኩታበር የላይኛው ገበሬ እርከኑን ሲጠብቅ ከሥሩ ላለው መንደር ብቻ አይደለም የሚሠራው፤ ለአገር ነው። አገር የሚከፍለው ነገር አለ ማለት ነው። ከሕዳሴው የመብራት ሽያጭ ጥቂቱ ለአባይ ተፋሰስ የላይኛው ገበሬ እንዲመለስ የሚያደርግ ሕግ ሊወጣ ይገባል፤ ይህን ለምክር ቤት የምትልኳቸው ሰዎች እንዲያነሱት ጠይቋቸው።

ወጣቶች፣ በተለይ ምሕንድስናና የተፈጥሮ ሀብት የምትማሩ፤ ወደዚህ ስትመለሱ ግድቡ የሚያርፍበትን ሸለቆ ብቻ ለክታችሁ አትሂዱ። ተረተሩን በእግራችሁ ውጡት፣ ቦረቦሩን ቁጠሩት፣ ከላይ የሚኖሩትን እነማን ናቸው፣ ስንት በግ አላቸው፣ ምን ያጣሉ ብላችሁ ጻፉት።

እናንተም አባቶች፤ ካሁን በኋላ የግድብ ጥናት ይዞ የሚመጣ ሰው ስብሰባ ሲጠራችሁ፣ ከግድቡ በላይ የሚኖሩት በዚህ ወረቀት የትኛው ገጽ ላይ ናቸው፣ ድርሻቸውስ ስንት ነው ብላችሁ ጠይቁት። ገጹን ካላሳያችሁ አትፈርሙ።